ሐኪም ዘመድ ለሌለውስ? ስለ ጉበት ስብ ክትትል ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለክልል ጤና ቢሮዎች
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት

ጉዳዩ፦ ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው ታካሚዎች ከጤና ጣቢያ በስልክ ክትትል እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ?

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ፣ ቦርጭ አለኝ፣ ጉበቴ ላይ ስብ አለ። ስቡ የተገኘብኝ ለሌላ ሕመም አልትራሳውንድ ስነሳ ነው። አብዛኛው ሰውም የሚያውቀው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው፤ ለሐሞት ጠጠር ወይም ለኩላሊት ሲታይ። ወረቀቱ ላይ «ግሬድ 2 ፋቲ ሊቨር» ተብሎ ይመጣል። ሐኪሙ አየት ያደርገውና «ቅባት ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ይላል። በቃ። በር ላይ ወረፋው እስከ ካርድ ክፍል ደርሷል፤ ስለዚህ አልፈርድበትም።

አቤቱታዬ ስለዚያች አምስት ደቂቃ አይደለም። ስለ ስድስቱ ወር ነው። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ማንም «እንዴት ሆንክ?» አይልህም። በሽታው ግን የሚታከመው እዚያ መሐል ነው። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚያደርግልህ ብዙ ነገር የለም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ከጉበት ሕዋሳት ከ5 በመቶ በላዩ ስብ ሲቋጥር በሽታው አለ ይባላል። በዓለም ላይ ከአዋቂው ሕዝብ ከሩብ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ዋና ወዳጆቹ ስኳር በሽታ፣ ቦርጭ፣ የደም ቅባት እና ደም ግፊት ናቸው። ቀጭን ሰውም አይምርም። ከብዙዎቹ ላይ ስቡ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከጥቂቶቹ ላይ ጉበቱ ይቆጣል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ ወደ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ ተወርሮ መጠንከር) እና ወደ ካንሰር ይሄዳል። ደግሞም ከእነዚህ ታካሚዎች ብዙውን የሚገድለው ጉበት ሳይሆን ልብ ነው። አያምም። አያሳክክም። ለዚህ ነው ሰው የሚረሳው።

መድኃኒቱስ? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም የሚባል ክኒን ተፈቅዷል። በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ለዚሁ ተፈቀደ። ሁለቱም ጉበቱ ተቆጥቶ ጠባሳው መካከለኛና ከዚያ ከፍ ላለ፣ ሲሮሲስ ላልደረሰ ሰው ናቸው። ዋጋቸው አይነሳ። ለእኛ የቀረው አሮጌው መድኃኒት ነው፤ ኪሎ መቀነስ። እሱም በቁጥር የሚታወቅ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ከቀነሰ ስቡ ይቀንሳል። ከ5 ኪሎ ተኩል እስከ 8 ኪሎ ከጣለ የጉበቱ መቆጣት ይበርዳል። ከ8 ኪሎ በላይ ከሄደ ጠባሳው ራሱ የሚሻሻልበት ዕድል አለ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይታከልበት። ሕክምናው ይሄው ነው። ከዚህ ውስጥ የሐኪም እጅ የሚጠይቅ የቱ ነው? የሚያስፈልገው የሚጠይቅህ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ቴሌሜዲሲን» (ከርቀት ማከም) ሲባል ብዙ ባለሥልጣን የሚታየው ትልቅ ስክሪን፣ ካሜራ እና የምረቃ ሪባን ነው። ታሪካችንም እንደዚያ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ በሚባለው የህንድና የአፍሪካ መገናኛ መረብ በኩል ከህንዷ ሃይደራባድ ሐኪሞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ግን እኔ የማወራው ስለዚያ አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቴሌሜዲሲን በየቤታችን አለ። አንድ ጎረቤቴ የላብራቶሪ ውጤቷን በስልኳ ፎቶ ታነሳና ሜሪላንድ ላለ የአክስቷ ልጅ በቴሌግራም ትልካለች። ሐኪም ነው። ማታ ከሥራ ሲወጣ በድምፅ ይመልስላታል፦ «እትዬ፣ ይሄ አያስፈራም። ግን ሻዩ ላይ ያለውን ስኳር ተይው። በወሩ ኪሎሽን ላኪልኝ።» እሷም ትልካለች። ዘግይታ እንደሆነ ይደውላል፣ ይቆጣታል። ኪሎዋ ወርዷል። ይህ ክትትል ነው፤ ያውም ምርጥ ክትትል። ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ዘመድ ያለው ሁሉ እንዲህ ይታከማል። ሐኪም ዘመድ የሌለውስ? እኔን ጨምሮ ብዙ ሰው የለውም።

ሐኪም ዘመድ የሌለውም ቢሆን ስልኩን አይዘጋም። ስልኩ ላይ ሌላ ሐኪም ይጠብቀዋል። «ጉበትዎን በ7 ቀን እናጸዳለን» የሚል ሻይ ሻጭ፣ የማይታወቅ ቅጠል የሚፈጭ፣ ካፕሱል በሞተር የሚያደርስ። ቲክቶክ ላይ ሞልቷል። እነሱ በየቀኑ ይደውላሉ፣ መልእክት ይልካሉ፣ «አባቴ እንዴት ዋሉ?» ይላሉ። መቼም ትጋታቸውን አለማድነቅ አይቻልም። ጉበትን የሚጎዱ ዕፅዋት ግን አሉ፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ዱቄት ለታመመ ጉበት መስጠት ቁማር ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ባልደወለበት ስልክ ላይ የሚደውለው ይሄ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከጤና ጣቢያው አንድ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን፣ በተመደበለት ሰዓት፣ ታካሚውን ይደውልለት። መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሦስት ወር በኋላ በወር አንዴ። ተራ ጥሪ፣ ያለ ቪዲዮ። አፕ አትሥሩልን። እናቴ ያለችበት ገጠር ኔትወርክ የሚገባው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው፤ ስልኳም ባለቁልፍ ነው። ደዋዩ ደግሞ ታካሚው ሳይሆን ጤና ጣቢያው መሆን አለበት። ካርድ ሞልቶ ራሱ የሚደውል ታካሚ ድሮም ጎበዝ ነበር።

ጥሪው ላይ ምን ይባላል? ስድስት ሰባት ጥያቄ። ኪሎህ ስንት ነው? ወገብህስ? በሳምንቱ ስንት ቀን ተራመድክ? ለስላሳ ጠጣህ? ጠላ፣ ድራፍት፣ አረቄስ? መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው? ሰው የሰጠህ ቅጠል አለ? ሚዛን የለኝም ለሚል መልስ አለ። በየከተማው አስፋልት ዳር ሚዛን አስቀምጠው በሳንቲም የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ፋርማሲ በራፍ ላይም አለ። አንድ ልጅ ምረጥና ሁልጊዜ እሱ ጋ ተመዘን፤ ሚዛኑ ቢዋሽ እንኳ ሁሌ በእኩል ይዋሻል። ጫማ ማውለቅ አይረሳ። ወገብ ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ እምብርት አካባቢ፣ ሆድ ሳይሳብ። (ሆድ መሳብ ላይ ሁላችንም ጎበዞች ነን።)

ምክሩ ግን የእኛ ይሁን። አንድ ጊዜ የተሰጠኝ በራሪ ወረቀት «ኦትስ፣ ሳልመን፣ የወይራ ዘይት» ይላል። ሳልመን ከየት አመጣለሁ? እንጀራው እንዴት ይሁን፣ ስንት ይሁን፣ ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ ዘይት ይግባ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያለው እራት እንዴት ይቅደም፤ እሱን ንገሩኝ። ማኪያቶ ላይ የሚገባውን ሦስት ማንኪያ ስኳር አንሡ። ስኳር የተጨመረበትን ስፕሪስ አንሡ። ደስ የሚለውንም ንገሩን፤ ቡና ያለ ስኳር ለጉበት ወዳጅ እንደሆነ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን ምክር ኢትዮጵያዊ እንቢ አይልም።

ጾም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከውጭ የተገለበጠ ፕሮግራም የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ዐቢይ ጾምን ጾሜያለሁ፣ ሥጋ አልነካሁም፣ ኪሎዬ ግን ጨመረ» ይላል። ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። 55 ቀን ሙሉ ቁርስ ዘሎ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ እና ለስላሳ ከሆነ ጉበት ጾም መሆኑን አያውቅም። በአግባቡ ከተያዘ ግን ጾሙ ለዚህ በሽታ ትልቅ አጋጣሚ ነው፤ ምስር፣ ጎመን፣ አተር፣ ፎሶሊያ፣ ሁሉ እጃችን ላይ ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠጁ። ሁለት ወር የተቀነሰው በአንድ ሳምንት ይመለሳል። ረመዳን ላይም ማታ ማታ ያለውን ጣፋጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ የጥሪው ቀን በኛው ካላንደር ይውጣ። አንድ ጥሪ ጾሙ ሳይገባ፤ በተለይ ስኳር ኖሮበት መድኃኒት ለሚወስድ፣ መርፌውንም ክኒኑንም ከሐኪም ጋር ሳያስተካክል እንዳይጾም። አንድ ጥሪ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት። እንደ ሽማግሌ ገላግሉን።

«ይሄ ሁሉ ሰው ላይ እንዴት ይደረሳል?» ትሉ ይሆናል። ሁሉንም እኩል መከታተል አያስፈልግም። ማን ቸኩሎ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂድ፣ ማን ጤና ጣቢያው ላይ ይቆይ የሚለውን የሚለይ ቀላል ስሌት አለ። ፊብ-4 ይባላል። ዕድሜ፣ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ (ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞች) እና ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ) ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስቱ ከጉበት ምርመራና ከሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ወረቀት ላይ ይነበባሉ። ዕድሜን በኤስጂኦቲ ታባዛለህ፤ የተገኘውን ፕላትሌት በኤስጂፒቲ ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) ተባዝቶ ለሚመጣው ታካፍላለህ። የ45 ዓመት ሰው ኤስጂኦቲው 40፣ ኤስጂፒቲው 50፣ ፕላትሌቱ 250 ሺህ ቢሆን (ስሌቱ ውስጥ 250 ተብሎ ይገባል) ውጤቱ 1 ገደማ ነው። ከ1.3 በታች ስለሆነ ከፍተኛ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። በስልክ ይከታተል፤ ስሌቱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ይደገም። ሌላው ደግሞ የ58 ዓመት ሰው ሆኖ ኤስጂኦቲ 62፣ ኤስጂፒቲ 48፣ ፕላትሌት 140 ቢያመጣ 3.7 ይሆናል። ከ2.67 በላይ ነው። ይሄ ሰው «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ሊባል አይገባም። በሁለቱ መሐል ያለው በፋይብሮስካን (የጉበትን መጠንከር በሚለካ መሣሪያ) ይታይ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ የታችኛው ወሰን 2 ነው። ሁለቱንም ታካሚዎች ስሜታቸውን ብትጠይቋቸው «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። የሚለያቸው ይሄ በካልኩሌተር የሚሠራ ቁጥር ነው፤ አልትራሳውንዱ ላይ የተጻፈው «ግሬድ» አይደለም። ግሬዱ የስቡን መጠን እንጂ የጠባሳውን አይነግርም። ብዙ ሰው ግሬድ 1 ሲባል ይተኛል፣ ግሬድ 3 ሲባል ኑዛዜ ይጽፋል።

እዚህ ጋ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ነው። ማንም ሰው «ፋቲ ሊቨር» ተብሎ በስልክ መዝገብ ላይ ከመግባቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ይደረግለት፤ መጠጡም በግልጽ ይጠየቅ። ሌላ በሽታ ስብ ተብሎ እንዳያልፍ።

ጤና ጣቢያው ሲከብደው ማንን ይጠይቅ? የጉበትና የአንጀት ስፔሻሊስት በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያለውም አብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ታካሚውን ወደ እነሱ ከማጓጓዝ የእነሱን እውቀት ወደ ጤና ጣቢያ ማምጣት ይሻላል። ይህ በተግባር የታየ ነው፤ ያውም በጉበት በሽታ። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የሚባሉ የጉበት ሐኪም ነበሩ። ክሊኒካቸው ላይ ሄፓታይተስ ሲ ይዞት የሚመጣ ሰው ስምንት ወር ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮጀክት ኤኮ የሚባል ነገር ጀመሩ። በየሳምንቱ ከገጠር ሐኪሞችና ነርሶች ጋር በቪዲዮ ይገናኛሉ፤ እነሱ የታካሚያቸውን ሁኔታ ያቀርባሉ፣ ስፔሻሊስቶቹ ይመክራሉ፣ ሌላው ሰምቶ ይማራል። በ2011 ውጤቱ ሲታተም 407 ታካሚዎች ታይተው ነበር። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የታከሙት 57.5 በመቶ፣ በገጠሩና በእስር ቤቱ የታከሙት 58.2 በመቶ ድነዋል። እኩል ነው። የገጠሮቹ ታካሚዎች የታከሙት እዚያው በአካባቢያቸው ነው። ለኛ ቪዲዮው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ በሐኪምና በሐኪም መሐል፣ በሳምንት አንድ ሰዓት።

ህንድን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የጉበት ስብን በይፋ ወደ ብሔራዊው የስኳር፣ የካንሰርና የልብ በሽታዎች ፕሮግራማቸው ውስጥ አስገቡት። ኢ-ሳንጂቫኒ የሚባለው የመንግሥት ቴሌሜዲሲናቸው ላይ ደግሞ የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ከታካሚው ጎን ቁጭ ብሎ ሐኪሙን ያገናኘዋል። ያ ጎን የሚቀመጥ ሰው እኛ ጋ አዲስ መቀጠር የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ቤቱን ያውቁታል፣ ሽሮውንም ያውቁታል።

በኪሎ ቅነሳ በኩልም ማስረጃው አለ። የጣሊያኗ ቦሎኛ ሐኪሞች ከ700 በላይ የጉበት ስብ ታካሚዎችን ሁለት ዓመት ተከታትለው በ2018 ውጤቱን አውጥተዋል። አንዱ ክፍል በአካል እየተሰበሰበ ተማረ፣ ሌላው በኢንተርኔት። የኢንተርኔቶቹ ከሌሎቹ አላነሱም። እርግጥ እነሱ ወጣትና የተማሩ በዛ ይሉ ነበር። ስለዚህ እንዳለ ገልብጡት አልልም፤ የተራ ስልክ ጥሪን ያቀረብኩትም ለዚሁ ነው።

ስልክ የማይችለውን ደግሞ ደባብቄ አላልፍም። ስልክ ደም አይቀዳም፣ ሆድ አይዳስስም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ደም ያስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ወይም ነገር የተምታታበት ሰው በስልክ አይመከርም። ነርሷ ይህን ስትሰማ የምትለው አንድ ቃል «አሁኑኑ ሆስፒታል» ነው፤ ሆስፒታሉም ደውላ እንደላከችው ያውቅ። ይህ በወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ ይለጠፍ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቢሮ ጉዳይ ነው፤ የቢሮ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነቱ ነገር የት ላይ እንደሚሞት አውቃለሁ። የሚሞተው ሪፖርት ላይ ነው። ነርሷ በቀን ሃያ ሰው ደውላ ብትጠይቅ፣ በሪፖርቷ ላይ ግን የሚቆጠረው ካርድ አውጥቶ የገባ ታካሚ ብቻ ከሆነ፣ አለቃዋ «ስልክ ስታወሪ ዋልሽ» ነው የሚላት። ስለዚህ ጥሪው እንደ አንድ የታካሚ ጉብኝት በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት በሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ይቆጠር። የጤና መድንም ይወቀው፤ ጤና ጣቢያው ለጥሪው ይከፈለው። ታካሚው መድኑን የከፈለው ለመሰለፍ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ደግሞ ለጤና ጣቢያዎቹ ነፃ መስመር ይስጡ። ኮቪድ ጊዜ ለ8335 ነፃ የጥሪ መስመር እንደተቻለው ለዚህም አጭር ቁጥር ማውጣት ይቻላል።

ሚስጥርም አለ። የጎረቤቴ ውጤት ስሟና ዕድሜዋ ተጽፎበት በቴሌግራም ይሄዳል፤ አንዳንዴም በስህተት የዕድር ግሩፕ ላይ ይወድቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም በጥብቅ ከሚጠበቁት ውስጥ ነው። ነርሷ በግል ስልኳ ሳይሆን በጤና ጣቢያው ስልክ ትደውል። ከማውራቷ በፊት «ብቻህን ነህ?» ትበል። በየሰው ስልክ ላይ የተከማቸ ፎቶ ሳይሆን አንድ መዝገብ ይኑር።

የምጠይቀው አገር አቀፍ ምረቃ አይደለም። በየክልሉ ሁለት ሁለት ጤና ጣቢያ ይመረጥ፤ አንዱ ከተማ፣ አንዱ ገጠር። የስኳርና የግፊት ክትትል ክፍላቸው አስቀድሞ አለ፤ የጉበት ስብ ያለባቸውም በአብዛኛው እዚያው የሚመላለሱት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ይጀመር። ከዐቢይ ጾም በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ከዓመት በኋላ ስንቱ ሰው ስልክ አነሳ፣ ስንቱ 5 በመቶ ቀነሰ፣ ስንቱ ቶሎ ሪፈር ተባለ የሚለውን ቆጥራችሁ ለሕዝብ ንገሩ። ካልሠራም «አልሠራም» በሉን።

መልሳችሁን በዚሁ በአደባባይ እጠብቃለሁ። በስልክ ከሆነም አነሳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ታካሚ፣ ከደሴ

ግልባጭ፦
ለኢትዮ ቴሌኮም
ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ
በየአገሩ ሆነው የዘመድ የላብራቶሪ ውጤት በቴሌግራም ለሚያነቡ ሐኪሞች (ለሳምንታዊው የአንድ ሰዓት ውይይት ብትመዘገቡ ደስ ይለናል)